«አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 2 ዓመት ከ7 ወሩ ነው። እስካሁን «ማማ» እንኳን አይልም። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፤ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲጀምር ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ የድስት ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። ውሃ ሲፈልግ ፊቴን ሳያይ እጄን ይዞ ወደ ፍሪጁ ይጎትተኛል። አማቴ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው፣ ተይው» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ምላሱ ታስሮ ነው፣ አስቆርጪው ትላለች። ባለቤቴ ነገሩን ሳነሳበት ይቆጣል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ አልዋሹም። ዘግይቶ አፉን የሚፈታ ልጅ አለ። ግን እንዲህ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ቃል ሳይኖረውም ያወራል፦ ወፍ ሲያይ በጣቱ እየጠቆመ ፊትሽን ያያል፣ «ጫማህን አምጣ» ሲባል ያመጣል፣ እንግዳ ሲወጣ በእጁ ቻው ይላል። እኔን ያሳሰበኝ እንግዲህ አለመናገሩ ብቻ አይደለም። ዞር አለማለቱ ነው።

መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪ። ማስታወቂያውን ሰማ ማለት ሁሉንም ይሰማል ማለት አይደለም፤ ወፍራሙን ድምፅ ሰምቶ ቀጭኑ የሚያመልጠው ልጅ አለ፣ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመበትም አለ። ምላሱን ግን እንዳታስነኪ! የታሰረ ምላስ ቢበዛ ያኮላትፋል እንጂ ልጅ ስሙ ሲጠራ ዞር እንዳይል አያደርግም።

ቀጥሎ የልጁን እድገት ማስገምገም ነው። የነገርሽኝ ነገር የኦቲዝም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝም ማለት ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ ከሌሎች ልጆች የሚለይበት የእድገት ሁኔታ ነው። ኦቲዝም በደም ምርመራም ሆነ በጭንቅላት ፎቶ አይታወቅም። ባለሙያው ልጁ ሲጫወት ያያል፣ አንቺን ይጠይቃል። ኤም-ቻት የሚባል፣ የኦቲዝም ምልክት መኖሩን ቀድሞ የሚጠቁም 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ግን ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው፣ ያንቺው በአንድ ወር አልፎታል። ስለዚህ በቀጥታ ሙሉ ግምገማ ጠይቂ። የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አላቸው፤ «አእምሮ» የሚለውን ቃል ሰምተሽ እንዳትመለሺ። ስልክሽ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርፀሽ ሂጂ፣ ልጆች ነጭ ጋዋን ሲያዩ ሌላ ሰው ነው የሚሆኑት። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ጆይን የመሰሉ የኦቲዝም ማዕከላትም አሉ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ውጤቱን ሳትጠብቂ አሁኑኑ ጠይቂ።

ጠበልም ከወሰድሽው ውሰጂው፣ ብቻ የሐኪም ቀጠሮ እንዳያልፍሽ። አፍ የሚያስፈታ ኪኒን አለኝ የሚልሽን ግን አትስሚ። እንዲህ ላሉ ልጆች አንዳንዴ መድኃኒት የሚታዘዘው ራስን መምታት ወይም ከባድ ቁጣ ሲኖር ነው፣ ለንግግር አይደለም።

እቤት የምትሠሪው ግን ማንንም አይጠብቅም። ቴሌቪዥኑን አጥፊ። ክዳኑን አትንጠቂው፤ ሌላ ክዳን ይዘሽ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጪና አብረሽው አሽከርክሪ፣ ቀና ብሎ ሲያይሽ «ዞረ!» በዪ። ውሃ ፈልጎ እጅሽን እንደ ዕቃ ወደ ፍሪጁ ሲጎትትሽም ቶሎ ቀድተሽ አትስጪው። ኩባያውን በፊትሽ ትክክል ያዢና «ውሃ» ብለሽ ትንሽ ጠብቂ። ልጁ ቀና ብሎ ፊትሽን ካየ ወይም «እ» ካለ ወዲያው ስጪው። የመጀመሪያ ሰሞን ያለቅሳል፣ ስለዚህ ብዙ አታስጠብቂው።

ባለቤትሽን አትከራከሪው። ማታ ሲገባ ኩባያውን ለእሱ ስጪው፤ ልጁ የሱንም እጅ ይዞ ፊቱን ሳያይ ሲጎትተው ራሱ ያየዋል።