«በእኛ ጊዜ» ስንላችሁ

ልጆቼ፣

ወላጅ «በእኛ ጊዜ…» ብሎ ሲጀምር ዓይናችሁ ወደ ስልካችሁ እንደሚሸሽ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በወቀሳ ነው፤ እኛ ጎበዞች፣ እናንተ ሰነፎች። ሕፃናትን ሳክም ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። የራሴንም ልጆች አሳድጌያለሁ። ይህን ወሬ እንዴት ብትሰሙት እንደሚጠቅማችሁ ትንሽ ልበላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ የሚያወራላችሁ የተረፈው ሰው ነው። «አፈር በልተን አደግን፤ ታዲያ ምን ሆንን?» ይላል። ምንም ያልሆነው እሱ ነው፤ የሆኑትማ መጥተው አያወሩም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 93ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2022 ቁጥሩ ወደ 37 ወርዷል። የኩፍኝ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ፈንጣጣ ጠፋ ተብሎ የታወጀውም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ፉከራው ሲበዛባችሁ በትሕትና «አብረዋችሁ ካደጉት ውስጥ ያጣችሁት ልጅ የለም?» በሉ። ወሬው ወዲያው መልኩን ይቀይራል። እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ትዝታም የራሱ አድልዎ አለው። ትዝታን የሚያጠኑ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ ሰው ሲያረጅ ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ጊዜ ነው። ዘፈን ያኔ ቀረ፣ ጓደኛም ያኔ ቀረ የምንለው ለዚህ ይሆናል። ቆዩ ብቻ፣ እናንተም ዛሬ የምታማርሩትን ጊዜ ትናፍቁታላችሁ። ያን ቀን እኛ ካለን እንስቅባችኋለን።

ይህን ሁሉ ቀንሼም ግን በእውነት የሚቆጨኝ አንድ ነገር ይቀራል። ኳስ እንውሰድ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ በክር ይታሰራል። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል። አግዳሚ ስለሌለ ኳሷ ከፍ ብላ ካለፈች ጭቅጭቅ ነው። «ገባ!» «አልገባም!» ዳኛ የለም፣ ትልቅ ሰውም የለም። ባለ ኳሱ ካኮረፈ ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ይለመናል፣ ይሸነገላል፣ አንዳንዴ ያልገባችው ጎል ትቆጠርለታለች። ደካማው ልጅ በረኛ ይደረጋል፤ እሱም ሲሰለቸው ያምፃል። ማስማማት፣ መሸነፍ፣ አኩርፎ መመለስ የሚባለውን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም።

ዛሬ ስክሪን ላይ ስትጫወቱ ገባ አልገባም የሚለው ማሽኑ ነው። ካልጣማችሁ ትዘጉታላችሁ። ጨዋታው ራሱ አይከፋም፤ ፈጣን እጅና ፈጣን ዓይን ይፈልጋል፣ እኔ ሞክሬ አንድ ደቂቃም አልቆየሁ። የሚጎድለው ያ ጭቅጭቅ ነው። ሜዳ ወጥታችሁ የምትጫወቱ ጊዜ እንኳ አሰልጣኝ፣ ፊሽካና የሰዓት ፕሮግራም አለ። ይህን ያመጣነው ደግሞ እኛው ወላጆች ነን፤ መኪናውን ፈራን፣ የማናውቀውን ሰው ፈራን። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም።

ታናናሾች ያሏችሁ፣ ነገም ልጅ የምትወልዱ፣ ከሳምንቱ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ፕሮግራም አታውጡላቸው። ደህና ቦታ መሆናቸውን ካያችሁ በኋላ ራቅ በሉ። «ደበረን» ብለው ቢመጡ ስልክ አትስጧቸው፤ ትንሽ ቆይተው የሆነ ነገር ይፈጥራሉ። ሲጣሉ ደም እስካልፈሰሰ ድረስ ለመገላገል አትሩጡ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እንኳ በአንቀጽ 31 ላይ ዕረፍትንና ጨዋታን መብት ብሎ አስፍሯል።

ወላጆቻችሁንም ጠይቋቸው። «ጊዜው ጥሩ ነበር?» ብላችሁ ግን አይደለም፤ መልሱን ታውቁታላችሁ። ከማን ጋር ተጣልተው እንደቀሩ፣ ምን ያስፈራቸው እንደነበር፣ ማታ ዘግይተው ሲገቡ በር ላይ ማን ይጠብቃቸው እንደነበር ጠይቁ። ድምፃቸውን ስልካችሁ ላይ ልትቀዱ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ አንዳንዱን ታሪክ ለልጁ ብቻ እንጂ ለመቅረጫ የማይናገር ወላጅ ብዙ ነው።