«ከንቲባዋ ወሰነች» ወይስ «ወሰኑ»?

ጥያቄ፦ ሰዎች ሴት መሪ ለአደጋ የምትሰጠውን ምላሽ አሳንሰው ያዩ እንደሆነ የሚለካ መጠይቅ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ግማሹ መላሽ ስለ ወንድ ከንቲባ፣ ግማሹ ስለ ሴት ከንቲባ ያነብና ለውሳኔው ነጥብ ይሰጣል። አንዱን «ከንቲባው ወሰኑ»፣ ሌላውን «ከንቲባዋ ወሰነች» አልሁት። ባልደረባዬ አይሆንም ይላል። «ባያስ» (bias) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልስ ሁልጊዜ «አድልዎ» ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች የሚለያዩት በጾታ ብቻ አይደለም፤ ወንዱ አንቱ ተብለዋል፣ ሴቷ ግን አልተባለችም። ለሴቷ ዝቅ ያለ ነጥብ ቢሰጥ በሴትነቷ ይሁን አንቱታው በመቅረቱ መለየት አይቻልም። መላሾቹን አሥር እጥፍ ቢያበዙም ያው ነው።

ሁለቱንም በአንቱታ ይጻፉ፦ «ከንቲባው የወንዝ ዳር ነዋሪዎች እንዲነሡ አዘዙ»፣ «ከንቲባዋ የወንዝ ዳር ነዋሪዎች እንዲነሡ አዘዙ»። እዚህ ግን ሌላ ጣጣ አለ። አንቱታ ጾታን ይደብቃል፤ «አዘዙ»፣ «ውሳኔያቸው»፣ «እሳቸው» ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። ጾታውን ተሸክማ የቀረችው «ዋ» ብቻ ናት፤ ጽሑፉ በቃል ሲነበብማ ጭራሽ ታመልጣለች። ከንቲባ ሲባል ወንድ የሚታየው መላሽ ሁለቱንም ታሪክ የወንድ አድርጎ ይሰማል፣ ልዩነቱ ይጠፋል፣ አጥኚውም አድልዎ የለም ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስም ይስጡ፤ ከዚያም በ«እሳቸው» ፈንታ «ከንቲባዋ»ን ይድገሙ። ነጥቡ ከተሰጠ በኋላ (በፊት አይደለም) «የተጠቀሱት ከንቲባ ወንድ ናቸው ወይስ ሴት?» ብለው ይጠይቁ። የነጥቡን ጥያቄም ልብ ይበሉ፤ ከአንዱ ቅጽ ወደ ሌላው ሲገለበጥ «የከንቲባው ውሳኔ» የሚል ቀርቶ ያውቃል። «ውሳኔው ምን ያህል ተገቢ ነበር?» ከዚህ ያድናል።

በስም ላይ «ደስታ» አይሠራም፤ ለሁለቱም ይሆናል። «አልማዝ»ን ከ«ናታን» ጋር ማጣመር ደግሞ የትውልድ ልዩነት ያስገባል። «አቶ» ስለ ትዳር ዝም ይላል፣ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» ይናገራሉ፤ ለሁለቱም «ኢንጂነር» ማለት ይቀላል።

የእርስዎን የሚመስለውና በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት አንድን ንግግር በወንድና በሴት ድምፅ አስቀርጾ አሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1993ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤት መሪነት አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ተለይቶ ስለነበር፣ በሴት የተመሩ መንደሮችን ከሌሎቹ ማነጻጸር ተችሏል፤ በሴት መመራትን የለመዱ ወንዶች የሴት መሪን ብቃት ዝቅ አድርገው መገመታቸው ቀንሷል። የቤንጋልኛ ግሥ ጾታ አይለይም፤ የእርስዎ ዓይነት ራስ ምታት ከግሡ አይመጣም።

ወደ «ባያስ» ስንመጣ፣ «አድልዎ» ከ«አደላ» የወጣ ስለሆነ ድርጊት ነው፤ ለአንዱ አድልቶ ሌላውን መበደል። በልብ ያለው «የተዛባ አመለካከት» ይባል። የስታቲስቲክሱ ግን፣ ማለትም የስሌቱ ውጤት ከእውነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል፣ «የተዛባ ግምት» ነው። በብራዚል የኮቪድ ወረርሽኝ ሲጠና በሴት ከንቲባ የሚመሩትን ከተሞች ከቀሩት ሁሉ ጋር በደፈናው ማወዳደር እንዲህ ያለ ግምት ይሰጥ ነበር፤ ሴት የሚመርጡ ከተሞች ቀድሞውንም ከሌሎቹ ሊለዩ ይችላሉና። አጥኚዎቹ ሴት ወንድን በጥቂት ድምፅ ያሸነፈችባቸውን በጥቂት ድምፅ ከተሸነፈችባቸው ጋር ያነጻጸሩት ለዚህ ነው። ይህን «የአድልዎ ግምት» ብለው ቢጽፉት አንባቢው አጥኚዎቹ ያደሉ ይመስለዋል።