ሆላንድ ስትመጡ ላይደንን አትለፏት

ዘመድ ልትጠይቁ ሆላንድ የምትመጡ ወገኖቼ፣ የጉብኝታችንን ልማድ አውቀዋለሁ። አምስተርዳም በጀልባ ዞሮ፣ አበባ ፊት ፎቶ ተነስቶ፣ የቀረውን ጊዜ ሶፋ ላይ ቡና እየጠጡ ማሳለፍ ነው። ቡናውን አልነካባችሁም። አምስተርዳም ግን ግፊያዋ አያስቆምም፤ አንድ ትርፍ ቀን ካላችሁ ለላይደን ስጧት። ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ ናት፤ መሃል ከተማዋም በእግር ያልቃል።

ባቡር ስትሳፈሩ ጣቢያው ላይ ያለውን የካርድ ማንበቢያ በባንክ ካርድ ነክታችሁ ትገባላችሁ፣ ስትወርዱም ትነካላችሁ። መውጫውን ከረሳችሁ እስከ 20 ዩሮ ሊቆረጥባችሁ ይችላል። አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባል በራሱ ካርድ ሚስቱንም ላስገባ ቢል አይሆንም። በመኖሪያ ፈቃድ ከጀርመን ወይም ከጣልያን የምትመጡ ደግሞ ፓስፖርቱን ቤት ትታችሁ አትውጡ።

ወደ ጥንታዊ ቅርሶች ሙዚየም ቀድማችሁ ግቡ። አዳራሹ ውስጥ ሙሉ ቤተ መቅደስ ቆሟል። ታፌህ ይባላል፤ በሮማውያን ዘመን በኑብያ፣ አባይ ዳር የተሠራ ነው። የአስዋን ግድብ ውሃ ሊውጠው ሲል ፈርሶ ድንጋዩ ተጠበቀ፤ ሆላንድ የኑብያን ቅርሶች በማዳኑ ሥራ ስለረዳች ግብጽ በ1969 ሰጠቻት (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 657 ድንጋይ ተጭኖ መጥቶ እንደገና ተካበ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ያገለገለ መሆኑን ሳስብ እኔ ከፊቱ ቶሎ መሄድ አይሆንልኝም። ልጆች ካሏችሁ የአባይን ነገር እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ይገባቸዋል።

ከሙዚየሙ ስትወጡ ራፐንበርግ የሚባለው ቦይ ነው፤ በእሱ ዳር ትንሽ ሄድ ስትሉ ዩኒቨርሲቲውን ታገኛላችሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ከረሃብ ነው። በ1574 የስፔን ጦር ከተማዋን ከብቦ ብዙ ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ። በስፔን ላይ የተነሳውን አመፅ ይመራ የነበረው የኦራንዩ ልዑል ቪለም የውሃ መከላከያ ግድቦቹን አስፈርሶ ሜዳውን በውሃ አጥለቀለቀው፤ ስፔኖቹ ሸሹ፣ ጀልባዎቹም ኦክቶበር 3 ቀን ሄሪንግ ዓሣና ነጭ ዳቦ ይዘው ገቡ። ዩኒቨርሲቲው በማግስቱ ዓመት የተመሠረተው ለዚያ ጽናት ሽልማት ሆኖ ነው ይባላል። ዓሣና ዳቦው ዛሬም በዚያው ቀን ይታደላል፤ ግርግር የማትወዱ ከሆነ ግን ያን ሰሞን አትምጡ።

እዚሁ ከተማ ከተማሩት አንዱ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። በኋላ ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋውቆ ከእሳቸው ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ የአማርኛ ሰዋስውንም በ1698 አሳተመ። አስጎብኚዎቹ ሠዓሊው ሬምብራንት በ1606 እዚህ እንደተወለደ ደጋግመው ይነግሯችኋል፤ የሉዶልፍን ነገር የሚነግራችሁ ግን ስለማይኖር ነው እኔ የጻፍኩት።

ከአሜሪካ ለምትመጡ ፒተርስከርክ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አለላችሁ። በየኖቬምበሩ ተርኪ የምትጠብሱላቸው ፒልግሪሞች፣ በእምነታቸው ምክንያት ከእንግሊዝ የወጡት ስደተኞች፣ በ1620 ባሕሩን ከመሻገራቸው በፊት አሥራ አንድ ዓመት ያህል የኖሩት ላይደን ነው፤ ፓስተራቸው ጆን ሮቢንሰን የተቀበረውም እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ሆፍየ የሚሏቸውን ትንንሽ ግቢዎች ፈልጓቸው። ድሮ ባለጸጎች ለአረጋውያንና ለችግረኞች ያሠሯቸው ናቸው፤ ከ30 በላይ አሉ። በጠባብ በር ጎንበስ ብላችሁ ስትገቡ መሃሉ አትክልት፣ ዙሪያው መጋረጃቸው የተሰበሰበ ዝቅ ያሉ ቤቶች ናቸው። አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል። ስለዚህ እባካችሁ እዚያ ውስጥ ቪዲዮ ጥሪ አትክፈቱ፣ በመስኮት አትመልከቱ። የእኛ ሰው ሰብሰብ ሲል ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይታወቃል።

ቀይ አስፋልቱ የብስክሌት መንገድ ነው። እዚያ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ደወሉን ይሰማል፣ ቀጥሎም ስድቡን።

ምግቡ ላይ፣ ገበያው የሚቆመው ረቡዕና ቅዳሜ በቦዩ ዳር ነው። ረቡዕን ለምትጾሙ ፈተና ነው፤ ዓሣ ጥብሱ መንገዱን ሁሉ ያውደዋል። ስትሮፕዋፈል የሚባለው ሞቅ ያለ ጣፋጭ ቅቤ አለበት፤ ድንች ጥብስም አንዳንዱ ቤት በከብት ሞራ ስለሚጠብሰው ቀድማችሁ ጠይቁ። ሰኞ ሙዚየሞቹ በብዛት ዝግ ስለሆኑ ከማክሰኞ ጀምሮ ብትመጡ ይሻላል።