ነጩ ግድግዳ ለጎጃም ፀሐይ ይሆናል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቤትና አካባቢው

ጥያቄ፦ እታለም፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ሠርተን ልስን ላይ ደርሰናል። ባለቤቴ በስልኳ የምታያቸውን የስዊድንና የዴንማርክ ሳሎኖች ወዳለች፤ ግድግዳው ነጭ፣ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት። አናጺው ከውጭ ከመጣ ኤምዲኤፍ በቀር አይሆንም ይላል። ወጪው ከበደን። ምን ትመክሪናለሽ?
*ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። መጀመሪያ የእነሱ ግድግዳ ለምን እንደሚነጣ ልንገርህ። እህቴ ዘንድ ስቶክሆልም በበረዶው ወራት ከርሜ አይቼዋለሁ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ብርሃኑ ሲደመር 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ያችኑ ትንሽ ብርሃን ቤት ውስጥ ለማብዛት ነው ግድግዳውን ነጭ የሚቀቡት፣ መስኮቱንም የሚያሰፉት። ደብረ ማርቆስ በዚያው በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ታገኛለች፤ ከፍታዋም ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች። የእናንተ ችግር የብርሃን ማነስ አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን ወደ ክሬም ያደላ፣ የማያብረቀርቅ አድርጉት።

የምዕራቡን መስታወት ግን እባካችሁ ተዉት። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትገባ ታዛም አያግዳት፤ ከሰዓት በኋላ በሙቀት ስትቃጠሉ ውላችሁ፣ ማታ ደግሞ የማርቆስ ብርድ በዚያው በነጠላው መስታወት ይገባባችኋል። እነሱ እኮ የሚገጥሙት ሁለትና ሦስት ድርብ መስታወት ነው። ሰፊውን መስኮት በሰሜን ወይም በደቡብ አድርጉትና ጣሪያውን አውጥታችሁ ታዛ ሥሩለት። በዚያ በኩል የምትመጣው የቀትር ፀሐይ ከፍ ስለምትል ታዛው ይበቃታል።

ወደ እንጨቱ ልምጣ፤ ከአናጺያችሁ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ኤምዲኤፍ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነው፤ ጠርዙ በደንብ ካልተሸፈነ በክረምቱ እርጥበት ያብጣል። የእነዚያ ሳሎኖች ውበት የመጣው በአገራቸው ካለው እንጨት ነው፤ ጥድና በርች የሚባል ነጣ ያለ እንጨት አላቸው፣ በዚያ ሠሩ። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 የሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማ እስከ ዛሬ ይመረታል። ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ እኮ እናትህ ጓዳ አይጠፋም! ዴንማርካዊው ሃንስ ቬግነር እ.ኤ.አ. በ1949 የነደፈው ዝነኛ ወንበርም መቀመጫው ከ100 ሜትር በላይ በሆነ የተገመደ የወረቀት ገመድ በእጅ የሚታታ ነው። ጠፍር አልጋ የሚያታታ ሰው ይህን አያቅተውም፤ ለአናጺው ፎቶውን አሳዩትና መቀመጫውን በጠፍር ያሠራላችሁ።

ነጣ ያለውን መልክ ከፈለጋችሁ እንጅባራ ድረስ ሄዳችሁ ቀርከሃ እዘዙ። ሦስት ዓመት ያለፈው መሆኑን ጠይቁ፤ ለጋው ቶሎ ይነቅዛል። ተቆርጦ ውኃ ውስጥ የሰነበተ ከሆነ ደግሞ ነቀዝ የሚወደው ስታርች ስለሚወጣለት ይበልጥ ይቆያል። ጣውላውን ቨርኒሽ አትለቅልቁት። የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ጥቂት ቀን አድርቁት፣ ድገሙት። በስካንዲኔቪያም የቆየው የእንጨት ማሳመሪያ ይኸው የተልባ ዘይት ነው። አደራ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ለወንበሩ ልብስ አጎዛ አንጥፉ። እነሱም የሚያነጥፉት የበግ አጎዛ ነው። ስትገዛ በቆዳው በኩል ጨብጠው፤ ከተንኮሻኮሸ በደንብ አልታሸምና ተወው፤ እጥፍ ብሎ ከተመለሰ ውሰደው። ለአልጋው ቡልኮ ይበቃል፣ ሌላ አትፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ነገር ነጭና እንጨት አደረግሁ፤ ማታ ግን ሳሎኔ ቢሮ ይመስላል። ለምን?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ እህቴ፣ ኮርኒሱ መሀል የተሰቀለው አንድ ነጭ አምፖል ነው ቢሮ ያስመሰለብሽ። ዴንማርካዊው የመብራት ነዳፊ ፖል ሄኒንግሰን እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የለፋው አምፖሉ ራሱ ዓይን እንዳይመታ፣ ብርሃኑ ብቻ እንዲታይ ነበር። ያንን አጥፊውና ሁለት ሦስት ትንንሽ መብራት ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪ፤ አንዱ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱ ወንበሩ አጠገብ። አምፖል ስትገዢ ካርቶኑ ላይ 2,700 ኬልቪን የሚለውን፣ ቢጫ ሞቅ ያለውን ብርሃን ምረጪ፤ 6,500 የሚለውን፣ በጣም ነጩን ተዪው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። እንጅባራ አካባቢ የቤተሰብ መሬት አለን። ልጄ ኖርዌይ ነው፤ እነሱ ጫካ ውስጥ እንደሚያርፉበት ያለ የእንግዳ ጎጆ እንሥራ ይለኛል። ሰው ይመጣል ብለሽ ነው?
*ከእንጅባራ*

መልስ፦ መምህር፣ ይመጣል። ዘንገና ሐይቅ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መንገድ ዳር አጠገብዎ ነው፤ ከጎጃም ሐይቆች በጣም የምወደው እሱን ነው፤ ጫካው ዙሪያውን ከቦት፣ ውኃው ከታች ጸጥ ብሎ። ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣም መንገደኛ አለ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል ማየት የሚፈልግ ማረፊያ ይሻል።

ልጅዎ ያየው የድሮው የኖርዌይ ጎጆ ትንሽ መሆኑን ግን እንዳይረሱት። አንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ፣ የእንጨት ምድጃ፤ ብዙው መብራት እንኳ አልነበረውም፣ ውኃም ተቀድቶ ነበር የሚገባው፣ መጸዳጃውም ውጭ ነው። እንግዳው የሚመጣው ለደጁ ነው። ስለዚህ ባለ አሥር ክፍል ሎጅ አያስቡ። አንዲት የቀርከሃ ጎጆ፣ ሰፊ ታዛ፣ ጥሩ ፍራሽና ንጹሕ መጸዳጃ ይሥሩ። መጸዳጃው ላይ አይቆጥቡ፤ እንግዳ የሚያባርረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ከእነሱ እንዲወስዱ እለምንዎታለሁ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣችው ሕግ ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት በእግሩ መሄድ፣ ድንኳንም መትከል ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር መራቅ አለበት፣ የተዘራ ማሳም አይረግጥም። እኛ አገር ጮቄ ላይ ገብሱና ድንቹ ከፍ ብሎ ስለሚዘራ ያልታረሰውን ከታረሰው መለየት ለእንግዳ ይከብደዋል። የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርገው ይክፈሉት፤ በየትኛው ድንበር እንደሚታለፍ እሱ ያውቃል። ከጎረቤት ጋርም ሳይጀምሩ በፊት ይነጋገሩ፤ ቂጣውንና እርጎውን ከእነሱ ቤት ይግዙ። እንግዳ የሚቀበሉበትን ወር በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴን ይዝጉ፣ ጭቃው አያስኬድም። ከመስቀል ማግሥት ይክፈቱ።