ጓሮው የማን ነው?

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ባህር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ከባለቤቴ ጋር በአማቴ ግቢ እኖራለሁ። ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው። ቤታችን ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች አራት በአምስት ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ናት። ምግብ የማበስለው ከደጃፉ በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ከማንጎው ዛፍ ማዶ፣ ከግቢው ጥግ ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ በጭቃው ላይ ድንጋይ ደርድረን፣ እሱን እየረገጥን ነው የምንሄደው።

ባለቤቴ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎችን ሞተር ይጠግናል። እኔ በግል መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። 420 ሺህ ብር አጠራቅመናል። ስንጋባ ሁለታችንም ለልጅ ቸኩለን ነበር። ኋላ «መጀመሪያ ቤቱ ይስተካከል» አለኝ፤ ተስማማሁ። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ እናቅዳለን። ከዚያ ሲሚንቶ ይወደዳል፣ ወይም የጀልባው ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ሳናስበው ሰኔ ይደርሳል። 33 ዓመት ሞላኝ።

አማቴ ደግ ሴት ናቸው። «ጓሮው የእናንተ ነው፣ ሁለት ክፍል ጨምሩበት» ይሉናል። ግንበኛው ለሁለቱ ክፍል 700 ሺህ ብር ገምቷል። የባለቤቴ አባት ካረፉ ቆይተዋል፤ ካርታው በእናቱ ስም ነው። ወንድሙ አዲስ አበባ፣ እኅቱ ጎንደር ይኖራሉ። እኔ ደግሞ ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ በዘንዘልማ መንገድ፣ የራሱ ውሃና መጸዳጃ ያለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት በወር 9 ሺህ ብር ኪራይ አግኝቻለሁ። ባለቤቴ «ኪራይ ብርን ጣና ውስጥ እንደ መጣል ነው» ይላል።

አማቴ ከመኝታቸው በር ጀርባ ባለ ዛጎል አንቀልባ ሰቅለዋል፤ ሦስቱም ልጆቻቸው የታዘሉበት ነው። ቆዳው እንዳይደርቅ በየዓመቱ ቅቤ ይቀቡታል። ባለፈው ሳምንት ሲቀቡት ደረስኩ። ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን ወጥቼ አለቀስኩ። እንልቀቅ ወይስ እንጨምር?

ከሽምብጥ

መልስ

እኅቴ፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ ክፍሉ ጥበት የጻፍሽውን ሳይሆን «ጓሮው የእናንተ ነው» የሚለውን ቃል ነው። አማትሽ ከልባቸው እንዳሉት አልጠራጠርም። ነገር ግን አንድ ታላቅ ወንድሜ እንዲህ በተባለ ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል ሠርቶ፣ አባታችን ሲያርፉ ክፍሎቹ ከዋናው ቤት ጋር ተገምተው ለስድስት ተካፍለናል። ካካፈልነው አንዷ እኔ ነኝ። ማንም ክፉ አልነበረም፤ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም። ወንድሜ እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች የወላጃቸውን ንብረት እኩል ይወርሳሉ። ደግሞም ቤቱ በአማትሽና በባለቤታቸው ጋብቻ ውስጥ የተገኘ ከሆነ፣ የአባትየው ድርሻ ለሦስቱ ልጆች ያልፋል። የአዲስ አበባው ወንድምና የጎንደሯ እኅት በጓሮው ላይ ዛሬውኑ መብት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የአማትሽ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም መስማማትና መፈረም አለባቸው።

የቤት ስጦታ በቃል አይጸናም። ሕጉ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሥርዓት እንዲሆን ያዛል። ጽሑፉ በሰጪዋና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ ይጠቀሳል፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ይህን የሚያዘጋጅላችሁ ጠበቃ ፈልጉ፤ ሰነዱ የት እንደሚመዘገብና ካርታው እንዴት እንደሚስተካከልም እሱ ይምራችሁ። አንድ ነገር ደግሞ እንዳታልፊ፦ ስጦታው በሁለታችሁም ስም ይሁን። ለባለቤትሽ ብቻ ከተሰጠ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የግል ንብረቱ ሆኖ ይቀራል፤ ያጠራቀማችሁት ብር ግን የጋራችሁ ነው። ይህን ስትጠይቂ ሰውን መጠርጠር አይምሰልሽ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉን እኮ የእነዚሁ እናቶች እናቶች ናቸው።

ከፈረሙላችሁ ቆዩ፤ ሁለት ክፍል ግን አትሥሩ። 420 ሺህ ብር ይዞ የ700 ሺህ ብር ሥራ የጀመረ ሰው ክረምት የሚያገኘው ጣሪያ በሌለው ግድግዳ ላይ ነው። አሁን ባላችሁ ብር ከክፍላችሁ ጋር የተያያዘ መጸዳጃና መታጠቢያ፣ ከተረፈም ጭስ ወደ መኝታ የማያስገባ ማድቤት ሥሩ። በስምንተኛ ወርሽ፣ በሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥተሽ በዚያ ድንጋይ ላይ ስትራመጂ ይታየኛል፤ ከሁሉ በፊት ይህ ይስተካከል። መኝታ ክፍሉ ይጠብቃል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ክፍል አያስፈልገውም፤ የሚያድረው እናቱ አጠገብ፣ አጎበር ውስጥ ነው።

መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩን እዩት። ጥቁር መረሬ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመ ግድግዳም አብሮ ይሰነጠቃል። ግንበኛው ጠንካራ መሬት ሳይደርስ ድንጋይ እንዳያስቀምጥ አጠገቡ ቁሙ። ሥራው ሲያልቅ የውሃ ማቆሪያው ጉድጓድ ተደፍኖ ይደር፤ የወባ ትንኝ የሚራባው እንዲህ ባለ የቆመ ውሃ ነው። ወባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ እንደሚበረታ መድኃኒት ቤት ቆመሽ በየዓመቱ ታይዋለሽ። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከሌላው ሰው የከፋ መሆኑን ለአንቺ መንገር የለብኝም።

ካልፈረሙ ተከራዩ። ብሩ በባንክ ይቆይ፤ ነገር ግን ዘንዘልማ አትሂጂ። አማትሽ በእግራቸው ሊመጡ የሚችሉበት፣ እዚያው ሽምብጥ የሆነ ቤት ፈልጊ፤ አንድ ክፍል ቢያንሰውም። በሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የወሊድ ፈቃድሽ ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። 90ው ቀን አልቆ ወደ ሥራ ስትመለሺ ልጁን የሚይዘው ማን ነው? ገንፎውን የሚያገነፋልሽ፣ አንቺ እንድትተኚ ሕፃኑን የሚቀበልሽ ማን ነው? ሁለተኛ መኝታ ክፍል ይህን አያደርግልሽም። እኔ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እናቴም አማቴም በሌሉበት ከተማ፣ በሰፊ ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ ቤት የማስታውሰው ባዶውን ሳሎንና ሌሊቱን ነው።

ልጁን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ ሰነፍ ወይም ጨካኝ አይመስለኝም። ገቢው ከመንገደኛው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ሰው ስለሆነ፣ በግድግዳ አማካይነት ዋስትና እየፈለገ ነው። ይህን እንደተረዳሽለት ንገሪው። ከዚያ ደግሞ 33 ዓመትሽን ንገሪው፤ ሲሚንቶ ረክሶ ያውቃል ወይ ብለሽ ጠይቂው። ቤቱና ልጁ አንዱ ሌላውን መጠበቅ የለባቸውም። ሁለታችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ አንቺም ፎሊክ አሲዱን ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ።

ከአማትሽ ጋር ግን በባለቤትሽ በኩል ሳይሆን ራስሽ ተነጋገሪ። በመጪው እሑድ ቡና አፍዪላቸው። አቦሉን ሲቀበሉሽ ስለ ካርታው አትጀምሪ። አንቀልባውን ከሚስማሩ እንዲያወርዱልሽ ለምኚያቸው፤ ማን ሰፋው፣ ማን መጀመሪያ ታዘለበት ብለሽ ጠይቂያቸው። ቀጥለሽ «እማማ፣ ልጄን በዚህ ግቢ ማዘል እፈልጋለሁ፤ ነገ ማንም እንዳያስለቅቀን በጽሑፍ ይስጡን» በያቸው። ወንድምና እኅቱ ለጥምቀት ይመጡ እንደሆነም ያን ዕለት ጠይቂ፤ ሦስቱም ልጆች ባሉበት መፈራረሙ ይቀላል።