ጥያቄና መልስ፦ 57.5 በመቶ አልኮል ያለው ኦልድ ፎሬስተር 1920 እንዴት ይቀመሳል?

ኦልድ ፎሬስተር 1920 የተባለውን የኬንታኪ ቦርቦን (በዋናነት ከበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ውስኪ) በተመለከተ ሰዎች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፉት «115 ፕሩፍ» እና «1920» ምን ያመለክታሉ?

መልስ፦ በአሜሪካ አቆጣጠር ፕሩፍ የአልኮሉ መቶኛ እጥፍ ስለሆነ፣ 115 ፕሩፍ ማለት 57.5 በመቶ ነው። 1920 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የአልኮል መጠጥን ማምረትና መሸጥ የከለከለው ሕግ ሥራ ላይ የዋለበት ዓመት ሲሆን፣ የዚህ ውስኪ አምራች የሆነው የሉዊቪሉ ብራውን ፎርማን በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ውስኪ እንዲያቀርቡ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ኩባንያው እንደሚያስረዳው፣ በዚያ ዘመን ወደ በርሜል በ100 ፕሩፍ የገባው ውስኪ፣ በሞቃቱ መጋዘን ከአልኮሉ ይልቅ ውሃው ፈጥኖ ስለሚተን፣ ከዓመታት በኋላ ሲወጣ 115 ይደርስ ነበር። ዛሬ ሕጉ እስከ 125 ፕሩፍ ድረስ በርሜል ውስጥ መጨመርን ስለሚፈቅድ፣ ይህ ውስኪ በ«ድሮ ዘዴ» የተሠራ ነው መባሉ በእኔ ግምት በዋናነት ጥንካሬውን ይመለከታል።

ጥያቄ፦ አፌን ከማቃጠሉ በቀር ምንም ጣዕም አላገኘሁበትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ጉንጭ አይፍረዱ። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ቀድተው አሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ሲያሸቱት አፍንጫዎን ወደ ብርጭቆው ውስጥ አያስገቡ፤ ከንፈርዎን ገርበብ አድርገው ከጠርዙ ራቅ ብለው ያሽትቱ። የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስን ለማርጠብ ያህል ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛውን ግን ምላስዎ ላይ አንሸራሽረው ቀስ ብለው ይዋጡት። እኔ በዚህ መንገድ ስቀምሰው መጀመሪያ የተቃጠለ ስኳርና የበሰለ ቼሪ፣ ቀጥሎ ጥቁር ቸኮሌት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ውስጡ በእሳት ከተለበለበው የኦክ በርሜል የሚመጣ ቅርንፉድ መሰል ቅመም አገኝበታለሁ። ጣፋጭነቱ ከተሠራበት እህል 72 በመቶ ከሆነው በቆሎ፣ ቅመሙም በከፊል 18 በመቶ ከሆነው ራይ (የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል) የሚመጣ ነው፤ ቀሪው 10 በመቶ የገብስ ብቅል ነው።

አሁንም ካቃጠለዎት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ውሃ፣ ማለትም 4.5 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምሩበት፤ አልኮሉ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ውሃ ማብዛት ይህን ውስኪ ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በበረዶስ?

መልስ፦ ለመጠጣት ይሆናል፤ ለመቅመስ ግን ቅዝቃዜው መዓዛውን ስለሚያፍነው አልመክርም።

ጥያቄ፦ ከአገራችን አረቄ በምን ይለያል?

መልስ፦ ቦርቦንም ተጣርቶ ሲወጣ እንደ አረቄ ነጭ ነው። አረቄው በዚያው መልኩ ሲጠጣ፣ ቦርቦን ግን ቀለሙን በሙሉ፣ ጣዕሙንም በአብዛኛው የሚያገኘው ከአዲስ በርሜል ነው፤ ማቅለሚያ መጨመር በሕግ ተከልክሏል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ልቅመስ? ጠርሙሱንስ እንዴት ላስቀምጠው?

መልስ፦ የዚህ ውስኪ 30 ሚሊ ሊትር፣ 40 በመቶ አልኮል ባለው ውስኪ 43 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለውን ያህል አልኮል ስለሚይዝ፣ ምግብ በልተው አንድ ጊዜ የተቀዳው ይበቃዎታል። ጠንካራ አልኮል ቡሹን ስለሚበላው ጠርሙሱን ሳያጋድሙ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ አቁመው ያስቀምጡት።