ስም ከመሸምደዳችሁ በፊት ጥርስ እዩ

በቅሪተ አካል ዘርፍ ለሳይንስ ውድድር የምትዘጋጁ የአዳማ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ዕድሜዬን የጨረስኩት በድንጋይ ጥናት ሙያ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የተማሪዎች ውድድር ላይ ለዳኝነት ሲጠሩኝ ደስ እያለኝ እሄዳለሁ። እዚያ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። አንዱ ተማሪ ይነሳና የጥንት የሰው ዘር ሳይንሳዊ ስሞችን፣ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ፣ አርዲፒቴከስ ራሚደስ እያለ ያንበለብለዋል። ከዚያ አንድ ጥርስ ፊቱ አስቀምጬ «ይሄ እንስሳ ምን ይበላ ነበር?» ስለው ዝም ይላል። ጥርሱን ገልበጥ አድርጎ እንኳ አያየውም። በጣም ይቆጨኛል፤ ልጁ ጎበዝ ነዋ! አጥንት በእጁ ይዞ ስለማያውቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥጋ ቤት ሂዱ። የምሬን ነው። ከሰፈራችሁ ሥጋ ቤት የበሬ መንጋጋ ጠይቁ። በበዓል ማግስት ደግሞ የበግ ጭንቅላት ከየቤቱ አይጠፋም። ቀቅሉት፣ በደንብ አጽዱት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሲደርቅ ወደ ብርሃን አዙሩና የመንጋጋ ጥርሱን አናት እዩ። ኢናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርስ ሽፋን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እየታጠፈ ስለታም ጠርዝ ሠርቷል። በጣታችሁ ስትዳስሱት ይሻክራል። ሣሩን የሚፈጨው ያ ጠርዝ ነው። አሁን ላይኛውን መንጋጋ ከፊት እዩት፤ የፊት ጥርስ የለውም። የፈረስ ወይም የአህያ ጭንቅላት ካገኛችሁ አጠገቡ አስቀምጡት፤ ጋሪ በበዛበት ከተማ ይህ ከባድ አይሆንም። የላይኛው የፊት ጥርስ አለ፤ የመንጋጋ ጥርሱ መስመርም በጣም የተጠላለፈ ነው። (በበሽታ የሞተ እንስሳ አጥንት ግን በፍጹም አትንኩ። ጓንትም አድርጉ።)

ይህ ለምን ይጠቅማል? ኢናሜል ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ የሚቆየው ጥርስ ነው። ጥርስ ደግሞ ብዙ ያወራል። የአሳማውን ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

በኬንያ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ ኩቢ ፎራ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 እዚያ አንድ የጥንት ሰው ራስ ቅል ተገኘ። ከበላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ቀደም ብሎ ተለክቶ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር። ስለዚህ ራስ ቅሉ ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል ተባለ። ዓለም ጉድ አለ። ነገር ግን ከዚያው ንጣፍ ሥር የአሳማ ዘሮች ጥርስ ተገኝቶ ነበር። የአንዳንዶቹ የአሳማ ዘሮች ሦስተኛ የመንጋጋ ጥርስ በዘመናት ውስጥ እየረዘመ መጥቷል፤ የዛሬውን ከርከሮ ጥርስ ያየ ይገባዋል። የኩቢ ፎራው ጥርስ ከእኛው ኦሞ ሸለቆ ከተገኘው ጋር ሲነጻጸር፣ የሚመሳሰለው ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማው ጋር ሆነ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። አመዱ እንደገና ተለካ፣ ዕድሜውም ወደ 1.9 ሚሊዮን ወረደ። አሳማው ልክ ነበር። ላቦራቶሪውን ያረመው ጥርስን ረጋ ብሎ ያየ ሰው ዓይን ነው።

ከአመዱ ጉዳይ ሳንወጣ፣ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱበትን ልጥቀስ። «ድንቅነሽ በካርቦን 14 ተለካች» ብላችሁ እንዳትጽፉ። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ተለውጦ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ነው። ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። የተለካውም አጥንቷ ሳይሆን እዚያው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ፖታሲየም አላቸው። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ነው፤ ከዚያም ከፊሉ ቀስ እያለ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በግለቱ የተነሳ የቆየው አርጎን ይወጣል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተጠራቀመውን አርጎን መለካት ነው።

እዚህ ላይ እናንተ የአዳማ ልጆች ዕድለኞች ናችሁ። በዙሪያችን ያለው ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። የፈሰሰ ላቫ ውስጥ አጥንት ፍለጋ አትልፉ። ነገር ግን ብሎኬት ማምረቻ ሄዳችሁ ከዚያ ቀላል፣ ነጣ ያለና ቀዳዳ ከበዛበት ፑሚስ አንድ ቁራጭ ጠይቁ። በማጉያ መነጽር እዩት። ብልጭ የሚሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ታገኛላችሁ። በእንደዚህ ዓይነት ክሪስታል ነው የሰው ዘር ዕድሜ የተቆጠረው። ውድድር ላይ ይህን ይዞ ቀርቦ የሚያስረዳ ተማሪ ባገኝ እኔ ዓይኔን ሳላሽ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

የዘመን ሰንጠረዡን አጥኑ፣ ግን አትጨናነቁበት። ሁለት ቁጥር ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ትራይሎባይቶች (ሰውነታቸው በሦስት የተከፈለ የባሕር እንስሳት) ጠፉ፤ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አሞናይቶች (ጥምዝ ዛጎል የነበራቸው የባሕር እንስሳት) እና ከወፎች በስተቀር ዳይኖሰሮች ጠፉ። የቀረውን ከእነዚህ በፊት፣ በመሃላቸውና ከእነሱ በኋላ ሰካ ሰካ አድርጉት። አገራችን ያላት የሰው ዘር ቅሪተ አካል ብቻ እንዳይመስላችሁም። የአባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ በዳይኖሰሮቹ ጊዜ፣ የባሕር ወለል ነበር፤ የባሕር ዛጎል እስከዛሬ ውስጡ አለ።

ከቻላችሁ የጥንት ሰዎች ቅሪትና መሣሪያ የተቆፈረበትን መልካ ቁንጥሬን ሄዳችሁ እዩ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአዋሽ ዳር። እ.ኤ.አ. በ2024 አቅራቢያው ካለው ባልጪት ከሚባል ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቁፋሮው ጋ ስትቆሙ አጥንቱንና የድንጋይ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የተቀመጡበትን አፈር እዩ። የትኛው ንጣፍ ላይ ነው? ከበላዩ ምን አለ? ከበታቹስ? ስልካችሁን ኪስ አስገቡና በእርሳስ ሳሉት። ስትስሉ በፎቶ የሚያልፋችሁን ታያላችሁ።

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እላለሁ። ለውድድር ብላችሁ ቅሪተ አካል አትቆፍሩ፣ ያገኛችሁትንም ይዛችሁ አትምጡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ማካሄድ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ ከንጣፉ የተነቀለ አጥንት ዕድሜው የሚታወቅበትን አመድ ትቶ ነው የሚመጣው። መንገድ ላይ ድንገት ካያችሁ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡና መጠኑ እንዲታወቅ ፎቶ አንሱት። ቦታውን መዝግቡ። ከዚያ እዚያው ተዉትና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።